ስሙ ከምስሉ ላይ የተፋቀው የመካ ሐኪም

ካዕባን በመስታወት፣ በፊልምና በዲጂታል ካሜራ ስላቆዩልን የጥበብ ሰዎች

 

በብዙዎቻችን ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ የካዕባ ምስል ተሰቅሎ እናገኛለን። አንዱ ከሐጅ የተመለሰ ዘመድ በስጦታ ያመጣው ነው፤ ሌላው ከመርካቶ ተገዝቶ ፍሬም የተደረገለት፤ ሌላው ደግሞ ምንጣፍ ላይ የተሸመነ ይሆናል። ልጆች ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያንን በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሕንፃ በጣታቸው እያመለከቱ ስሙን ይጠራሉ። መካን የማየት ዕድል ያልገጠማቸው አያቶችም ምስሉን እያዩ ናፍቆታቸውን ሲወጡ ኖረዋል። ሆኖም «ይህን ምስል ያነሣው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ የለም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ብዙ ሰዎች ያጋጥሙታል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃንን ያጠና ሊቅ አለ። ከግብፅ የሐጅ ቅፍለት ጋር ካሜራ ይዞ የተጓዘ መኮንን አለ። በገዛ ሥራው ላይ የጻፈው ስሙ የተፋቀበት ሐኪም አለ። በዘመናችንም ማግኔትና የብረት ብናኝ ይዞ የሐጅን ስሜት ያሳየ ሌላ ሐኪም አለ። በዛሬው የረመዳን ዓምዳችን የእነዚህን ሰዎች ሥራ እንቃኛለን። በመጨረሻም በየኪሳችን የያዝነውን የሞባይል ካሜራ በዚህ በተከበረ ወር እንዴት ብንይዘው እንደሚሻል፣ ቤተሰብ ከኢፍጣር በኋላ ሊወያይባቸው የሚችሉ ነጥቦችን እናነሣለን።

ጨለማው ክፍልና የማጭዷ ብርሃን

የካሜራ ታሪክ ሲነገር ስሙ የማይታለፍ ሊቅ አቡ ዐሊ አል ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ነው። እ.ኤ.አ. በ965 በኢራቋ በስራ ከተማ የተወለደው ይህ ሊቅ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በካይሮ ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ ወደ ግብፅ የሄደው የዓባይን ሙላት መቆጣጠር ይቻላል ብሎ በመነሣቱ ነው። ወንዙን ሄዶ ሲያየው ግን ሐሳቡ በዘመኑ አቅም የሚሳካ እንዳልሆነ ተረዳ። የኸሊፋውን ቁጣ በመፍራትም አእምሮው የታወከ መስሎ በቤቱ ተወስኖ ለዓመታት ኖረ ይባላል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ስለ ብርሃንና ስለ ማየት የጻፈው ባለ ሰባት ክፍሉ «ኪታብ አል መናዚር» ነው። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ዓይን ጨረር አውጥቶ ነገሮችን እንደሚዳስስ ያምኑ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ግን ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይናችን እንደሚመጣ አስረዳ። ይህንንም በሙከራ አሳየ። ከሙከራዎቹ አንዱ ማንም ሰው በቤቱ ሊደግመው የሚችል ነው። በርከት ያሉ ኩራዞችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ብርሃናቸው በአንድ ትንሽ ቀዳዳ በኩል ወደ ጨለማ ክፍል እንዲገባ አደረገ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ በኩራዞቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ። አንዱን ኩራዝ ሲጋርድ አንዱ ነጠብጣብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው ይመለሳል። ብርሃናቱ በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉም እርስ በርሳቸው እንደማይደባለቁ በዚህ አረጋገጠ።

ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ፀሐይ በከፊል ስትጋረድ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የማጭድ ቅርጽ እንደሚይዝ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ወደ ክብነት እንደሚለወጥ በስሌት አብራርቷል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በታየበት ዕለት ከዛፍ ሥር የቆመ ሰው ይህንኑ ማየት ይችል ነበር። በቅጠሎች መካከል የሚሾልከው ብርሃን ፀሐይዋ በከፊል በተሸፈነችበት ሰዓት መሬት ላይ ትናንሽ ማጭዶችን ይሥላልና።

በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ይህ ብርሃን የካሜራ መሠረት ነው። «ካሜራ» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ክፍል ማለት ነው። የኢብኑል ሀይሠም መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለዘመናት ሲጠና ኖሯል።

ጨረቃን ከማየት ጋር የተያያዘ አንድ የቅርብ ዘመን ሥራም እናንሣ። ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የ1434 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ሊገባ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቲየሪ ለጎ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ፎቶግራፍ ባለሙያ አዲሷን ጨረቃ በተወለደችበት ቅጽበት በጠራራ ቀን አነሣት። በዚያች ሰዓት ጨረቃ ከፀሐይ የራቀችው 4 ዲግሪ ከግማሽ ባልሞላ ርቀት ስለነበር በዓይን ፈጽሞ አትታይም። ባለሙያው በዓይን የማይታየውን የብርሃን ዓይነት የሚያሳልፍ ማጣሪያ ተጠቀመ፤ የፀሐይን ብርሃን የሚከላ ባለ ቀዳዳ ጋሻም በቴሌስኮፑ ፊት አቆመ። የተገኘው ምስል ከፀጉር የቀጠነች ማጭድ ያሳያል። በዓይን ማየትና በመሣሪያ ማየት ለወር መግቢያ ያላቸውን ቦታ መወሰን የዑለሞች ድርሻ ነው። የባለሙያው ትዕግሥትና ዝግጅት ግን ምስል መሥራት ምን ያህል እውቀት እንደሚጠይቅ ያሳየናል።

የመዲናና የመካ የመጀመሪያ ምስሎች

ፎቶግራፍ በአውሮፓ ከታወቀ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1861 ሙሐመድ ሳዲቅ የተባለ የግብፅ ጦር መኮንንና መሐንዲስ ወደ ሒጃዝ ተላከ። ሥራው መንገድ መቀየስና ካርታ ማንሣት ነበር። ካሜራም ይዞ ስለነበር መዲናንና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ አነሣ። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የመዲና ፎቶግራፎች ሁሉ የሚቀድሙት እነዚህ ናቸው። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ የግብፅ የሐጅ ቅፍለት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲመለስ የመካን ሐረምና ካዕባን አነሣ። ሥራዎቹ በ1881 በቬኒስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ጉባኤ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝተውለታል።

የዛሬ ልጆች ስልክ አውጥተው በአንድ ደቂቃ ሃምሳ ፎቶ ያነሣሉ። በሳዲቅ ዘመን የነበረው አሠራር ግን ሌላ ነበር። ፎቶ አንሺው አንድ መስታወት ወስዶ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባዋል፤ ከዚያም ብርሃን የሚሰማው እንዲሆን በብር ውሑድ ውስጥ ይነክረዋል። መስታወቱ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ምስሉን መቀበል፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ አለበት። በበረሃ ሙቀት ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል፤ አቧራም ይለጠፍበታል። ምስሉ ለመቀረጽ ሰከንዶች ስለሚወስድ የሚንቀሳቀስ ሰው ቢያልፍ እንደ ጉም ብዥ ብሎ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በጥንታዊ ምስሎች ውስጥ ሕንፃዎቹ ጥርት ብለው ሲታዩ በጦዋፍ ላይ ያሉት ሰዎች ጥላ መስለው ይታያሉ።

ሐኪሙ ፎቶ አንሺ

እስካሁን ያነሣናቸው ምስሎች ከውጭ በመጣ ሰው የተሠሩ ናቸው። በመካ ነዋሪ እጅ የተነሡት የመጀመሪያ ምስሎች ባለቤት ደግሞ አሰይድ ዐብዱልገፋር የተባለ ሐኪም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1885 ክሪስቲያን ስኑክ ኸርኽሮንየ የተባለ ሆላንዳዊ ምሁር ወደ መካ መጣ። ስሙንም ዐብዱልገፋር ብሎ ስለነበር ከሐኪሙ ጋር ሞክሼ ሆኑ። ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበርና በሐኪሙ ቤት ውስጥ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ተዘጋጀ፤ ሐኪሙም ሙያውን ተማረ። ምሁሩ ግን ሐጅ ከመድረሱ በፊት ከመካ እንዲወጣ በኦቶማን ባለሥልጣናት ታዘዘ። ካሜራው እዚያው ቀረ። ዐብዱልገፋርም ሥራውን ቀጥሎ የሐረሙን ሰጋጆች፣ ከየአገሩ የመጡ ሐጃጆችን፣ በዐረፋና በሚና የተተከሉ ድንኳኖችን እያነሣ ወደ ሆላንድ ይልክ ጀመር።

ሐኪሙ በምስሎቹ ላይ በሚያምር የዐረብኛ ጽሕፈት ስሙንና የመካ ሐኪም መሆኑን ይጽፍ ነበር። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1889 ምስሎቹን በመድበል ሲያሳትም ግን ያ ጽሕፈት ተፋቀ። አንባቢው ምስሎቹን አየ፤ የሠሪውን ስም ግን አላየም። ለብዙ ዓመታትም በመካ የተነሡት ሥራዎች ሁሉ የሆላንዳዊው ምሁር እንደሆኑ ተደርጎ ሲነገር ቆየ። በኋላ ተመራማሪዎች ጽሕፈቱ ያልተፋቀባቸውን ቅጂዎች አግኝተው እስኪያነቡ ድረስ የሐኪሙ ስም ተሸፍኖ ኖረ። ዛሬ ምስሎቹ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ስሙም ወደ ሥራው ተመልሷል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ይደርሰናል። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘዋወሩ የመስጂድ፣ የዒድ ሶላትና የኢፍጣር ምስሎች አብዛኞቹ ያነሣቸው ሰው ስም የለባቸውም። አንዳንዱ ከጥግ የተጻፈውን ስም ቆርጦ ይለጥፋል። «ለዲን ሥራ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚል ሰበብም ይሰማል። ነገር ግን አንድ ወጣት በዒድ ማለዳ ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ፣ ፈቃድ ጠይቆ ያነሣው ምስል የድካሙ ፍሬ ነው። ስሙን መጥቀስ ገንዘብ አያስወጣም።

መካ ከተማዋ ራሷ በእነዚያ አሮጌ ምስሎች ውስጥ ዛሬ የማናገኛቸውን ነገሮች ይዛለች። ለምሳሌ ከሐረሙ በላይ ኮረብታው ላይ የሚታየው የአጅያድ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈርሷል። በቦታው ዛሬ 601 ሜትር ከፍታ ያለውን የሰዓት ማማ የያዙት ሕንፃዎች ቆመዋል። የሐኪሙ መስታወቶች ባይኖሩ የዛሬው ሐጃጅ አያት ቅድመ አያቱ ያዩትን መካ በዓይነ ሕሊናው ለመሣል ይቸገር ነበር።

ከሙዚቃ መድረክ ወደ ሐጅ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሙስሊሙን ዓለም በስፋት በማንሣት ከታወቁት መካከል እንግሊዛዊው ፒተር ሳንደርስ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1946 በለንደን የተወለደው ሳንደርስ ሥራውን የጀመረው ዝነኛ ሙዚቀኞችን በማንሣት ነበር፤ ቦብ ዲለንና ጂሚ ሄንድሪክስ በካሜራው ፊት አልፈዋል። ከዚያ ሕይወት ውስጥ እርካታ በማጣቱ መንፈሳዊ ፍለጋ ወደ ሕንድ ወሰደው። ወደ አገሩ ሲመለስ በ24 ዓመቱ እስልምናን ተቀበለ፤ በ1971ም ሐጅ አደረገ። ያኔ በመካ ያነሣቸው ምስሎች በታላላቅ የእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ወጥተው ለብዙ ምዕራባውያን አንባቢዎች ሐጅን ከውስጥ አሳይተዋል።

ከሥራዎቹ ለቤተሰብ ውይይት የሚመቸው በ2019 በመጽሐፍ ያሳተመው የዑለሞችና የደጋግ ሰዎች ምስል ስብስብ ነው። ለዐሥርት ዓመታት ከአገር አገር እየተዘዋወረ ያነሣቸው እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከታይታ የሚርቁ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማንሣት አስቀድሞ አብሮ መቀመጥ፣ ሻይ መጠጣት፣ ፈቃዱን ማግኘት፣ ካልፈቀደም ካሜራውን ዘግቶ መነሣት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ በገጠር መድረሳ ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ ሸኾች ከዚህ ዓለም ሲያልፉ ከምስላቸውም ከድምፃቸውም አንድም ነገር ሳይቀር ይቀራል። ደረሳዎቻቸው በአክብሮት ጠይቀው ቢያስቀሩላቸው ለመጪው ትውልድ ትልቅ ውለታ ነው። አንዳንድ ሸኽ ፎቶ ከመነሣት የሚቆጠቡት በዲን አመለካከታቸው የተነሣ ስለሆነ እምቢታቸውም ሊከበር ይገባዋል።

ማግኔትና የብረት ብናኝ

አሕመድ ማጢር እ.ኤ.አ. በ1979 የተወለደ ሳዑዲያዊ ሠዓሊና ፎቶግራፈር ሲሆን፣ የሠለጠነው በሕክምና ነው። ልክ እንደ ዐብዱልገፋር ሐኪምም የምስል ሰውም መሆኑ የሚገርም መገጣጠም ነው። ገና በጅምሩ የሰው አካል ራጅ ፊልሞችን ከጥንታዊ የእስልምና መጻሕፍት የጌጥ አሠራር ጋር አጣምሮ ያዘጋጃቸው ሥራዎች ትኩረት ስበውለታል። ልጅ ሳለ በዐሲር ተራሮች ላይ ከቤታቸው ጣሪያ ወጥቶ ከድንበር ማዶ የሚመጣ የቴሌቪዥን ሥርጭት ለመያዝ አንቴና ሲያዞር የነበረውን ትዝታም በነጭ የኒዮን መብራት አንቴና ሠርቶ አሳይቷል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ? ጠራ?» እያለ አንቴና ያዞረ የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በይበልጥ ያሳወቀው ሥራ ግን የማግኔቱ ነው። አንድ ጥቁር ባለ አራት ማዕዘን ማግኔት ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጣል፤ ዙሪያውን የብረት ብናኝ ይበትናል። ሥሩ ያለው ሌላ ማግኔት ብናኙን ያቆመዋል። በካሜራ ሲነሣ በካዕባ ዙሪያ ጦዋፍ የሚያደርጉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይመስላል። ማጢር ስለዚህ ሥራ ሲያስረዳ አያቱ የሐጅን ነገር ሲያወሩለት ወደ ካዕባ የሚስብ ማግኔት የመሰለ ኃይል እንደተሰማቸው ይነግሩት እንደነበር ይጠቅሳል። የልጅ ልጁ የአያቱን ወግ ሰምቶ ዓለም የሚያውቀው ሥራ አደረገው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ስለ ሐጅ በተዘጋጀው ትልቅ ትርኢት ላይ ቀርቧል።

ማጢር በሌላ በኩል የመካን ለውጥ ለዓመታት በካሜራው ተከታትሎ በ2016 በመጽሐፍ አሳትሟል። በምስሎቹ ውስጥ ሐረሙ ብቻውን አይታይም። ክሬኖች፣ የግንባታ ሠራተኞች፣ የሚፈርሱ ሰፈሮችና አዳዲስ ማማዎች አብረው አሉ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሐጅ በአንድ ሺህ ገደማ ሰው ብቻ በተደረገ ጊዜ የተነሡት የባዶ ሐረም ምስሎች ብዙዎቻችንን አስለቅሰዋል። በዚያ ወቅት ሕፃን የነበሩ ልጆች አሁን አድገው «ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምስል ካለ ታሪኩን መንገር ይቀላል።

ፊደልና አሸዋ

ሁሉም የምስል ሰው ሰው አያነሣም። በእስልምና ጥበብ ውስጥ ኸጥ፣ ማለትም የዐረብኛ የጽሕፈት ጥበብ፣ እንዲሁም በኮምፓስና በማስመሪያ የሚሠራው የጂኦሜትሪ ጌጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። ዛሬ ወጣቶች በኮምፒውተር የሚሠሩት ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ጎን ኮከብ መነሻው አንድ ክብ ነው። ክቡን በራሱ ራዲየስ ብንለካው ዙሪያው በትክክል ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ ከዚያ ነጥብ ከነጥብ ማገናኘት ነው። ልጆች በደብተራቸው ሊሞክሩት ይችላሉ።

ትውልደ ፍልስጥኤም የሆነችው የጅዳዋ አርቲስት ዳና አዋርታኒ በ2017 በአሮጌው ጅዳ በሚገኝ ወና ቤት ወለል ላይ ቀለም በተነከረ አሸዋ የጥንት የወለል ጌጥ ሠራች። ያየው ሰው እውነተኛ የሸክላ ንጣፍ ይመስለዋል። ሠርታ ስትጨርስ ራሷ በመጥረጊያ ጠረገችው፤ ይህንንም በቪዲዮ ቀረጸችው። ቅርስ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ምን እንደሚመስል በዚያ መጥረጊያ አሳየች።

ፈረንሳያዊ ቱኒዚያዊው ኤል ሲድ ደግሞ በ2016 በካይሮ ሙቀጠም ተራራ ሥር በሚገኘው የቆሻሻ ሰብሳቢዎች መንደር ወደ ሃምሳ በሚጠጉ ሕንፃዎች ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር በዐረብኛ ጽሕፈት ሣለ። ከአንዱ ቤት አጠገብ ሆኖ ላየው የተቆራረጠ ቀለም ነው፤ ተራራው ላይ ወጥቶ ከአንድ ነጥብ ለሚያየው ግን ሙሉ ክብ ሆኖ ይገጥማል። የመንደሩ ነዋሪዎች በአብዛኛው የኮፕት ክርስቲያኖች ናቸው። ሙስሊሙ አርቲስት የመረጠው ቃልም የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የጎረቤት ወሬ ይሆንብናል። አርቲስቱ ስለ መንደሩ የነበረው የራሱ አመለካከት በሥራው ሂደት እንደተለወጠ ተናግሯል።

ሐረርና ዳሎል

በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥም ሐረር ቀደምት ስፍራ አላት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በንግድ ሥራ ሐረር ሳለ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱንና አካባቢውን አንሥቷል። በቡና ተክል መካከል ቆሞ፣ በሙዝ አትክልት ውስጥ እጁን አጣምሮ የተነሣቸውን ለቤተሰቡ ሲልክ ምስሎቹ የነጡት ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለነበር እንደሆነ ጽፏል። ዛሬ በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ቤት የሚጎበኝ ሰው የድሮዋን ሐረር በፎቶግራፍ ያያል።

በእኛ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ የተወለደችው አይዳ ሙሉነህ የኢትዮጵያን ፎቶግራፍ በዓለም መድረክ ካሳወቁት ግንባር ቀደሟ ናት። ልጅነቷን በየመንና በሌሎች አገሮች አሳልፋ፣ በአሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ለጋዜጣም ሠርታ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች። በ2018 በአፋር ዳሎል የሠራችው ተከታታይ ሥራ ውኃ ለማምጣት ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሴቶችን ሸክም ያሳያል። በደማቅ ቀይና ሰማያዊ ልብስ የተዋቡት ሴቶች በነጩ የጨው ምድር ላይ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ችግርን ለማሳየት የግድ የተጎሳቆለ ፊት ማሳየት እንደማያስፈልግ ይህ ሥራ ያስተምራል። ባለችግሯ ክብሯን እንደጠበቀች ትታያለች፤ የውኃው ችግርም ሳይደበቅ ይታያል።

ካሜራችንና ረመዳን

ከላይ ያነሣነው የመጨረሻው ነጥብ በረመዳን ይበልጥ ይመለከተናል። በዚህ ወር ሰደቃው ይበዛል፤ የኢፍጣር ማዕድ በየመስጂዱና በየሰፈሩ ይዘረጋል፤ ዘይትና ቴምር ለአቅመ ደካሞች ይታደላል። ከእርዳታው ጋርም ካሜራ አብሮ ይመጣል። ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ዘይት ለመቀበል እጇን የዘረጋች እናት ፊት በሺዎች ስልክ ላይ ሲዞር ልጆቿ በትምህርት ቤት ያዩታል። ቁርኣን ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ፊት ሳይታይ እጅን፣ ማዕዱን፣ የተደረደረውን ጆንያ፣ አብሳዮቹንና በጎ ፈቃደኞቹን ማንሣት ይቻላል። ፊት የግድ ካስፈለገም አስቀድሞ መጠየቅ፣ «እምቢ» ማለትም እርዳታውን እንደማያስቀር በግልጽ መንገር ይገባል።

ሁለተኛው ነጥብ በኮምፒውተር የሚፈጠሩ ምስሎችን ይመለከታል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የረመዳን መልካም ምኞት ካርዶች በዝተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ያዛባሉ፤ ከሩቅ ሲያዩት ኸጥ የመሰለው ነገር ቀርበው ሲያነቡት ትርጉም የለሽ ሊሆን ይችላል። የአላህን ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ የያዘ ካርድ ከመላካችን በፊት ማንበብ የሚችል ሰው ቢያየው መልካም ነው። የሰፈራችን ወጣት ዲዛይነርም ከማሽኑ የተሻለ ሊሠራ ይችላልና ሥራ ብንሰጠው እናበረታታዋለን።

ሦስተኛው የቤተሰብ ማኅደር ጉዳይ ነው። ከአያት ሣጥን ውስጥ የወጣውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው «እነዚህ እነማን ናቸው?» ሲሉ የሚመልስ ሰው ከሌለ ምስሉ ያለ ስም ይቀራል። በዚህ ረመዳን አንድ ምሽት ከተራዊህ በኋላ ፎቶዎቹን አውጥታችሁ አያቶችን ጠይቁ። ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ከፀሐይና ከርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ። በስልክ አንሥታችሁም ቢያንስ በሁለት የተለያየ ቦታ ቅጂ ያዙ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራልም።

ለልጆች ደግሞ የኢብኑል ሀይሠምን ክፍል እንሥራላቸው። ፀሐይ በጠራችበት ቀን የአንዱን ክፍል መስኮት በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ወይም ካርቶን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ፤ ከመካከሉ እንደ ሽምብራ ያለ ቀዳዳ አብጁ፤ ከፊት ለፊቱ ነጭ አንሶላ ዘርጉ። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ከውጭ ያለው ዛፍ፣ መንገድና የሚያልፍ ሰው ተገልብጦ አንሶላው ላይ ይታያል። በቀዳዳው በኩል ፀሐይን በቀጥታ እንዳያዩ ብቻ ተጠንቀቁ። ጾም የጀመሩ ልጆች ረኃቡን ረስተው የሚያሳልፉት ጥሩ ከሰዓት ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም እንተው። የባለፈውን ዓመት የኢፍጣር ፎቶዎቻችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ሳምቡሳው አለ፣ ሾርባው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ እንግዶቹም አሉ። እናትስ አለች? በብዙ ቤት እናት ማድ ቤት መጥበሻው ላይ ስለነበረች ከፎቶው ውስጥ የለችም። የመካው ሐኪም ስም ከሥራው ላይ የጠፋው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የእናቶቻችን መልክ ግን ከማዕዳችን ምስል ላይ የሚጠፋው በእኛው መዘናጋት ነው። ዛሬ ማታ አዛን ሳይወጣ አንዳችሁ ማድ ቤት ገብታችሁ ጠይቋት፤ ከፈቀደች እጇ ሊጥ እንደያዘ አንሷት። ከጀርባውም ስሟን ጻፉበት።

ረመዳን ከሪም! አላህ ጾማችንን ይቀበለን።